እትዬ ሜትርና የጋሽ ጢሞ ወገብ

በየሰፈሩ ማንም ያልሾመው፣ ማንም የማይሽረው አንድ ባለሥልጣን አለ። ደሞዝ የለው፣ ማኅተም የለው፤ ቢሮው መንገድ ዳር ነው። ሥራውም አንድ ነው፤ ሰው መክሳቱን ማወጅ። ሌላው ሰው ሲገናኝ ጤና ይጠያየቃል፣ ልጆች እንዴት ናቸው ይባባላል፣ ስለ ዝናቡ ያማርራል። ይህ ባለሥልጣን ግን ገና ከሩቅ ሲያይህ ፊቱን ይቋጥራል፣ ይቆማል፣ ከእግርህ እስከ ራስህ ይቃኝሃል፣ ከዚያ ፍርዱን ይሰጣል። «ምነው ከሳህ?» አለቀ። ይግባኝ የለውም። ጠዋት መስታወት ፊት «ደህና ነኝ» ብሎ የወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቀበቶውን ሲዳብስ ይውላል።

የእኛዋ ባለሥልጣን ክብርት እትዬ ሜትር ናቸው። እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ሌላ ነው፤ ልብስ ሰፊ በመሆናቸውና የልክ መውሰጃው ሜትር ከአንገታቸው ወርዶ ስለማያውቅ ሰፈሩ እንዲህ ብሎ አስቀረው። አልተቀየሙም። «ከስንቱ ቅጽል ስም ይሄ ይሻላል» ይላሉ። ሜትሩ ግን ለወጉ ነው፤ እሳቸው ሰው የሚለኩት በዓይናቸው ነው። መንገደኛው በራቸውን አልፎ ጥጉ ጋ እስኪታጠፍ ድረስ ትከሻውን፣ ደረቱን፣ ወገቡን ወስደው ጨርሰዋል። ባለፈው ወር ከነበረው ጋርም አስተያይተዋል። የሚገርመው ውጤቱ ነው፤ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ሁሉም ሰው ከስቷል።

የትራፊክ ፖሊሱን እንውሰድ። ይህ ሰው መንገድ ሲያቋርጥ ሆዱ ቀድሞት ነው የሚሻገረው። ሚስቱ፣ ሐኪሙና አለቃው ተባብረው «ቀንስ» ሲሉት ከርመዋል። አንድ ቀን የደንብ ልብሱ ቁልፍ ተፈናጥሮበት እትዬ ሜትር ዘንድ ቢመጣ፣ ቁልፉን ሊተክሉለት ጎንበስ እንዳሉ ቀና ብለው አዩትና «ልጄ፣ ምነው እንዲህ ጉስቁል አልክ?» አሉት። ሰውየው እንባ እንባ አለው። ከዚያን ቀን ወዲህ በደጃቸው ሲያልፍ ቆቡን ያነሣል።

ጎረቤታቸው ነርሷስ ብትሆን? በየማለዳው እየሮጠች፣ ጣፋጭ ነገር እርም ብላ፣ በስንት መከራ ትንሽ ቀነሰች። እትዬ ሜትር በር ላይ ያዟት። «አንቺ! ምን ሆነሽ ነው? ከሳሽ እኮ!» ልጅቱ በደስታ ልታቅፋቸው ደረሰች። «እውነትዎን ነው እትዬ? ያስታውቃል?»

«ያስታውቃል ወይ ትለኛለች እንዴ! ሆድና ግንባር አይሸሸግም። ይልቅ ማነው ያስከፋሽ?»

ከዚያ በኋላ በየምሳ ሰዓቱ አንድ ድስት ሾርባ ከነርሷ በር ይደርስ ጀመር። ይሉኝታ ክፉ ነው፤ ልጅቱ እምቢ ማለት አቃታት። በሩጫ ያራገፈችውን ሁሉ እትዬ ሜትር በጭልፋ መለሱላት።

በሙያቸውም ያው ናቸው። ልብስ ሰፊ ሁሉ የተማሪ ዩኒፎርም ሲሰፋ ከጫፉ ትንሽ ጨርቅ አጥፎ ያስቀራል፤ ልጁ ሲረዝም እየተለቀቀ የሚሄድ ነው። እሳቸው «ማደጊያ» ይሉታል። ልዩነቱ፣ እትዬ ሜትር ማደጊያ የሚተዉት ለሁሉም መሆኑ ነው። ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀረው የባንክ ሠራተኛ አዲሱን ሱሪውን ገልብጦ ቢያየው ውስጡ ሌላ ግማሽ ሱሪ ታጥፎ አገኘ። «እትዬ፣ እኔ ከእንግዲህ ወዴት አድጋለሁ?» ቢላቸው ተቆጡት። «ሰው አያድግም ያለህ ማነው?» አንባቢ ይቺን ይያዝልን፤ በእሳቸው ዘንድ ላደገ ነገር ይለቀቅለታል፣ ይጨመርለታል እንጂ አይቀነስበትም።

ይህን ሁሉ ከማንም በቅርብ የሚያውቀው የእህታቸው ልጅ ነው። ኤሌክትሪክ ሠሪ ነው፤ ሰው ቤት እየዞረ መስመር ይዘረጋል፣ የተቃጠለ ይጠግናል። እናቱ ስትሞት ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። አክስቱ ወሰዱት፣ አሳደጉት፣ ለቁም ነገር አበቁት። «እቴቴ» ይላቸዋል፤ እንደ እናቱ አንቺ ይላቸዋል። አሁን ትልቅ ሰው ሆኖም አብሯቸው ነው የሚኖረው። ለምን ለብቻው እንደማይወጣ ሲጠየቅ «የቤቱ መስመር ያረጀ ነው፤ አንድ ነገር ቢፈጠርስ ብዬ ነው» ይላል። መስመሩን ግን ራሱ በአዲስ ከቀየረው ቆይቷል።

ጋሽ ጢሞ ወደዚህ ቤት የመጣው በእሱ በኩል ነው። የሥራ ባልደረባው ወደ ሌላ ከተማ ሲዛወር፣ የሚያሳድገውን ጢማም እንሽላሊት ከነመስታወት ቤቱና ከነመብራቱ አስረከበው። ይህ እንሽላሊት በየግድግዳው እንደሚሮጠው ዓይነት አይደለም። ሲያድግ ክንድ ያህላል። አገጩ ሥር እሾህ እሾህ የሚል ቆዳ አለው፤ ሲቆጣ ወይ ሲከፋው ይነፋዋል፣ ያጠቁረዋል፤ ጢማም ያሰኘውም ይኸው ነው። ሲቀመጥ ደግሞ ችሎት እንደሚመራ ዳኛ ቀጥ ብሎ ነው፤ ጋሽ የተባለው ለዚህ ነው። በማዕረጉ አንቱ ልንለው በተገባን ነበር፤ ሲመጣ ቁመቱ ከመሀል ጣት ብዙም ስላልበለጠ አንተ እንዳልነው እንቀጥል።

ባልደረባው ስለ ምግቡ አጥብቆ ነግሮት ነበር። «ልጅ እያለ ትልና ፌንጣ ይብዛለት፤ እሱ ነው የሚያሳድገው። ቅጠልም በትንሽ በትንሹ አለማምደው። እያደገ ሲመጣ ግን ገልብጠው፤ ቅጠሉ ይበዛል፣ ትሉ አልፎ አልፎ ይሆናል። ትል ስትሰጠው ይህን የካልሲየም ዱቄት ነስንስበት፣ አለዚያ አጥንቱ ይለሰልሳል። ረሳሁ እንዳትለኝ!» ኤሌክትሪክ ሠሪው አልረሳም። ችግሩ እሱ ቀን ቀን ሥራ ላይ ነው፤ ቀን ቀን ቤት የሚውለው ሌላ ሰው ነው።

የመስታወቱ ቤት የልብስ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሌላ ባዶ ሶኬት አልነበረማ። እትዬ ሜትር መጀመሪያ ጮኹ። «ኧረ ይሄን አውሬ ከቤቴ አውጣልኝ!» ከዚያ ትንሽ ጠጋ አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አደረጉ። ብዙ ቆዩ።

«አንተ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የዚህ ነገር የጎን አጥንቱ ይቆጠራል እኮ። ምነው እንዲህ ከሳ?»

ኤሌክትሪክ ሠሪው ያን ጊዜውኑ መጠንቀቅ ነበረበት።

በረሮ ሲያዩ ወንበር ላይ የሚወጡት ሴትዮ ወር ሳይሞላቸው ትል አርቢ ሆኑ። በባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ፉርሽካ ሞልተው፣ ካሮት ጣል አድርገው፣ እዚያ ውስጥ ያራቡታል። አንዲት ደንበኛ ብስኩት መስሏት ቆርቆሮውን ስትከፍት የሆነውን እዚህ አንጽፈውም። ጋሽ ጢሞን የሚያበሉት ክር በሚነቅሉበት ወረንጦ ነው። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ። አፈር ስሆን ጋሽ ጢሞ፣ የመጨረሻዋ ናት።» የመጨረሻዋ ግን አትደርስም። ኮሌታ ሲጨርሱ አንድ፣ ቁልፍ ሲተክሉ አንድ፣ ክር ሲበጠስባቸው ደግሞ ለመጽናኛ አንድ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ወገቡን ይለኩና «ሞላ! ዛሬስ ሞላ ብሏል!» ይላሉ። ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ፍጡር በሰፈሩ አልነበረም።

ልጅ እያለ ይህ ሁሉ ብዙም አልጎዳውም፤ ወደ ቁመት ሄደለት። ችግሩ የመጣው ሲያድግ ነው። ኤሌክትሪክ ሠሪው አንድ ጠዋት ጎመንና ዱባ ከትፎ አቀረበ። «እቴቴ፣ አሁን ጎልምሷል። ከእንግዲህ ምግቡ በአብዛኛው ቅጠል ነው። ትሉን ቀንሺለት።»

«ቀንሺለት?» አሉ እትዬ ሜትር፣ መርፌውን ከአፋቸው አውጥተው። «ሕፃን ሆኖ ሲሰጠው የኖረውን፣ አሁን ሰው ሲሆን ልንሳው? ያደገ ልጅ ልብሱ ይለቀቅለታል እንጂ ይጠብበታል? ቅጠል የፍየል ነው።»

«ተፈጥሮው ነው እኮ እቴቴ።»

«እሺ፣ እሺ።»

እትዬ ሜትር ሁለት ጊዜ እሺ ካሉ እምቢ ማለታቸው እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ቅጠሉ ጠዋት ይቀመጣል፣ ማታ ጠውልጎ ይነሣል። በትል የጠገበ ምን ቆርጦት ቅጠል ይቀምሳል! «አየህ፣ አያውቀውም» ይላሉ፣ እንዳዘኑ ሆነው።

ኤሌክትሪክ ሠሪው ነገሩ ገብቶታል። ግን ማን አባቱ ደፍሮ ይናገር? በዚያ ቤት «አትስጪ» የሚባል ቃል ተነግሮ አያውቅም። አክስቱን በእጃቸው ከያዙት ምግብ ላይ ማስቆም፣ በአፋቸው ከያዙት ጸሎት ላይ ማስቆም ሆነበት። ስለዚህ ፈሪ የሚዘይደውን መላ ዘየደ። ጠዋት ጠዋት ከመውጣቱ በፊት የዕለቱን ትል ከቆርቆሮው አውጥቶ፣ የካልሲየሙን ዱቄት ነስንሶ፣ በሳህን ያስቀምጣል። «ቢወፍርም አጥንቱ ይጠነክራል» ብሎ ራሱን ሸንግሎ ይሄዳል። የሚያደርገውንም ለምን እንደሚያደርገው ለአክስቱ አልነገራቸውም። የነገራቸው እንደሆነ ክርክሩ እንደገና ሊጀመር ነው።

ሥራ በሌለው ቀን ቤት ዋለና ጋሽ ጢሞን በደንብ አየው። እንስሳው ከመብራቱ ሥር ወዳለው ድንጋይ ሊወጣ ፈለገ። የፊት እግሮቹን ሰቀለ። የኋላዎቹ አልተከተሉትም። እንደገና ሞከረ፤ ሆዱ ወደ ጎን ተዘርፍጦ ቀረ። ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። ጢሙ ጥቁር ነበር፤ ሰንብቷል እንዲህ ከሆነ። እትዬ ሜትርማ «ጢሙ ጠቆረ፤ ጎረመሰ እኮ!» እያሉ ለደንበኞቻቸው ሳይቀር ሲያሳዩት ነው የከረሙት።

«እቴቴ፣ ይሄ ጉርምስና አይደለም» አለ። «ታሟል።»

በካርቶን ውስጥ ቁርጥራጭ ጨርቅ አነጠፉለትና በአውቶቡስ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዱት። ካርቶኑን እትዬ ሜትር ታቅፈውታል፤ ለማንም አላስያዙም። ሐኪሟ እጅጌዋን የሰበሰበች፣ ንግግረ ቁጥብ ሴት ነበረች። ሆዱን ዳበሰች፣ እግሮቹን አንድ በአንድ ዘረጋች፣ መንጋጋውን በጣቷ ጫን አድርጋ አየች።

«በጣም ወፍሯል» አለች። «ጉበቱም ሳይጎዳ አይቀርም። የባሰው ግን አጥንቱ ነው፤ መንጋጋው ለስልሷል። ካልሲየም አይወስድም እንዴ?»

«በየቀኑ ይወስዳል!» አለ ኤሌክትሪክ ሠሪው። «ራሴ ነስንሼለት ነው የምወጣው።»

ሐኪሟ ወደ እትዬ ሜትር ዞረች። «እማማ፣ እርስዎ ነዎት የሚያበሉት? ዱቄቱን ይበላዋል?»

«የቱን ዱቄት? ትሉ ላይ ያለውን? እሱንማ አጥበዋለሁ።»

«ያጥቡታል?»

«አዎና! ጠመኔ እኮ ነው፣ እኛ ጨርቅ ላይ የምናሰምርበት። ይሄ ልጅ ጠዋት ሲቸኩል ከኔ ጠረጴዛ ላይ እያስነካ የሚያቆሽሻቸው መስሎኝ። አንድ በአንድ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ ነው የምሰጠው። ጠመኔ ለልጅ ይሰጣል?»

ማንም አልሳቀም። ኤሌክትሪክ ሠሪው «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» የሚለው ተረት ትዝ አለው፤ ከሁለታቸው ማን ላይ እንደሚያርፍ ግን ግራ ገባው። አንድ ቀን አፉን ከፍቶ «እቴቴ፣ ይሄ መድኃኒቱ ነው» ቢል ኖሮ እዚህ ባልደረሱ። እሱ ጭቅጭቅ ሲሸሽ፣ እሳቸው ሲያጥቡ፣ እንስሳው በመሀል አጥንቱ አለቀ።

ሐኪሟ ሽሮፕ ሰጠች። ዱቄቱ እንዳይታጠብ፣ መብራቱ ቀን ቀን እንዳይጠፋ፣ ምግቡም ከዛሬ ጀምሮ ቅጠል ብቻ እንዲሆን፣ ትል እሷ ካልፈቀደች በቀር እንዳይቀምስ አዘዘች። «መጀመሪያ እምቢ ይላል። ይርበዋል፣ ያያችኋል፣ ይለምናችኋል። አትዘኑለት። እንደ ለመደው ከቀጠለ አይተርፍም። ቅጠሉን ከለመደ ተስፋ አለው።»

«ከስቶ፣ ከስቶ፣ ቢሞትብኝስ?» አሉ እትዬ ሜትር።

«እማማ» አለች ሐኪሟ፣ በለዘበ ድምፅ፣ «መክሳትማ አለበት።»

ሲመለሱም ካርቶኑን ያቀፉት እትዬ ሜትር ናቸው። ከአውቶቡስ ሲወርዱ የትራፊክ ፖሊሱ ቆቡን አነሣላቸው፤ አላዩትም፣ አለፉት። ሰውየው ቆቡን እንዳነሣ ቀረ።

ቤት ሲገቡ እትዬ ሜትር የስፌት መኪናቸው ፊት ተቀመጡ፤ ግን ፔዳሉን አልረገጡም። ኤሌክትሪክ ሠሪው የብስኩት ቆርቆሮውን ሊያወጣ ብድግ ሲያደርግ ቀና አሉ።

«መክሳት አለበት ትለኛለች፣ አፏን ሞልታ! ክሳትን እሷ የት ታውቀዋለችና? እናትህን ታስታውሳታለህ?»

«ትንሽ ትንሽ።»

«ሰማያዊ ቀሚሷንስ?»

«አስታውሳለሁ።»

«ሕመሙ ሲጠናባት ሰፋት። አጥብቢልኝ አለችኝ፣ ሰው እንዳያይብኝ። አጠበብኩላት። ቆይቶ ደግሞ ሰፋት፤ ደግሞ አጠበብኩት። እንዲያ እንዲያ እያልን ገፋን። ምግቡን አፏ ድረስ አደርስላታለሁ፤ በሞቴ እላታለሁ፣ በልጅሽ እላታለሁ። በቃኝ ትለኛለች። ሳትቀምሰው በቃኝ!» መኪናው ላይ የቀረውን ጨርቅ ጫፉን አጠፉ፣ ዘረጉ። «የሚጠበውን ጨርቅ አልቆረጥኩትም ነበር። ሁሉንም ወደ ውስጥ እያጠፍኩ ነው የሰፋሁት፤ ስትድን እለቅላታለሁ ብዬ። መጨረሻ ላይ ገላዋ አልቆ የቀሚሱ ጎን ብቻ ነበር ወፍራም። ስፌቱ እየቆረቆራት እንደነበር፣ ከሞተች በኋላ ስናጥባት ጎኗ ላይ ነው ያየሁት። አንድ ቀን አልነገረችኝም። እኔ ደስ እንዲለኝ ብላ ለብሳው ኖረች።»

ኤሌክትሪክ ሠሪው ቆርቆሮውን እንደያዘ ቆመ። ያን ስፌት ያውቀዋል። ልጅ ሆኖ እናቱ ጎን ሲለጠፍ ጉንጩን የሚወጋው ነገር ምን እንደሆነ ሳያውቅ ነው ያደገው። አለቀሰ፤ ማልቀሱንም አልደበቀም። አክስቱ መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ ሲመረምሩ ስንት ዓመት ሙሉ በውስጡ ሲስቅባቸው እንደኖረ አሰበና አፈረ።

«እቴቴ፣ እናቴን የገደላት ሕመሙ ነው። አንቺ ሳታበያት ቀርተሽ አይደለም።»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እኔ አውቃለሁ። አሁን ይሄ እግሩን የሚጎትተው ግን...» አልጨረሰውም።

«በኔ እጅ ነው» አሉ።

«በሁለታችን እጅ ነው። እኔም አልነገርኩሽም።»

እትዬ ሜትር በመዳፋቸው ፊታቸውን ጠረጉ፣ ተነሡ፣ ጎመኑን አመጡ። ከዚያ የጨርቅ መቀሳቸውን አነሡ። ይህ መቀስ በዚያ ቤት የተቀደሰ ነገር ነው። ከጨርቅ በቀር ምንም አይነካበትም፤ ኤሌክትሪክ ሠሪው ልጅ ሳለ ወረቀት ቆርጦበት የቀመሰውን ቁንጥጫ ዛሬም አይረሳውም። በዚያ መቀስ ጎመኑን እንደ ክር አቀጠኑት። ዱባውንም ሸረከቱት። «ሰፍቶበት ይሆናል እምቢ ያለው» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ። «በአፉ ልክ ይሁንለት።»

ጋሽ ጢሞ ግን አልበላም። በማግሥቱም አልበላም። ደህና አድርጎ ያውቃቸዋል፤ መኪናቸው ፊት ሲቀመጡ እየተጎተተ ወደ መስታወቱ ይመጣል፣ አንገቱን ቀና ያደርጋል፣ አፉን ይከፍታል። እትዬ ሜትር ዓይናቸውን ከጨርቁ አያነሡም። «አትየኝ። በሞቴ አትየኝ» ይላሉ። ወረንጦውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈው ቁልፉን ለኤሌክትሪክ ሠሪው ሰጡት፤ «ራሴን አላምነውም» ብለው። መኪናውን ወደ ጓዳ እንዲያዛውርላቸው ቢጠይቃቸው አሻፈረኝ አሉ። «እርቦት ሳለ ትቼው ልሂድ? እዚሁ ፊቱ እሆናለሁ። ከፈለገ ይቆጣኝ።»

ኤሌክትሪክ ሠሪው ከየሄደበት ቤት ይደውላል። «በላ?» «አልበላም።» ስልኩ ይዘጋል። እሳቸው ራሳቸው ምሳ እየረሱ እንደሚውሉ ነርሷ ነገረችው። ሾርባውን አሁን እሷ ነበረች ይዛ የምትመጣው። ማታ ማታ እሱ እንስሳውን ይዞ፣ እትዬ ሜትር ሽሮፑን ጠብ ያደርጉለታል። ጢሙ እንደጠቆረ ነው። ኤሌክትሪክ ሠሪው በልቡ ተስፋ ቆርጦ ነበር፤ እንስሳው ከሞተ አክስቱም አብረው የሚሰበሩ መሰለው፤ ሁለተኛ ሰው በቃኝ ብሎ ከእጃቸው ሲሄድ እንዴት ይችሉታል?

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል፣ መሰላል ላይ ሆኖ አምፖል ሲቀይር ስልኩ ጮኸ።

«በላ» አሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ምን በላ?»

«ዱባዋን። ቀጭኗን። ከእጄ ነው የወሰዳት። አሁን ደግሞ ጎመኗን ያያታል... ቆይ... ቆይ፣ አትዝጋው...»  ሲያለቅሱ ይሰማዋል። እሱም መሰላሉ ላይ ቁጭ አለ፤ የቤቱ ባለቤቶች ከታች ሆነው «አዞረህ እንዴ?» ሲሉት «በላ!» አላቸው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አዝጋሚ ነበር፤ ቢሆንም ወደፊት ሄደ። እግሮቹ ቀስ በቀስ ጸኑ፤ የመብራቱ ሥር ድንጋይ ላይ መውጣት ቻለ። ጢሙ ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ። ሐኪሟ ትል አልፎ አልፎ ስትፈቅድለት እትዬ ሜትር ዱቄቱን እያገላበጡ በራሳቸው እጅ ይነሰንሱበታል፣ ነፍስና ሥጋው የተንጠለጠለው እዚያ ላይ እንደሆነ አሁን ያውቃሉ። ወገቡ ቀነሰ። ሲቀንስ ማየቱ ግን ቀላል አልሆነላቸውም፤ እያዩት ፊታቸው ይጨልማል፣ ከዚያ እግሮቹን ያያሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ወደ ሥራቸው ይዞራሉ።

ሰፈሩም አንድ ነገር እንደተለወጠ አወቀ። የትራፊክ ፖሊሱ ኤሌክትሪክ ሠሪውን መንገድ ላይ አስቆመው። «አክስትህን ምን አስቀየምኳቸው? ትናንት ሰላም ብቻ ብለውኝ አለፉ። ሰላም ብቻ!» የባንክ ሠራተኛውም የጠበበም የሰፋም ልብስ ሳይኖረው ብቅ ብሎ፣ በር ላይ ትንሽ ተገትሮ፣ ምንም ሳይባል ተመለሰ። ለካ ሰው የሚመርረው ነገርም ሲቀርበት ይናፍቀዋል።

አንድ ምሽት እራት ቀረበ፤ ሩዝና የአትክልት ሾርባ ነው። ኤሌክትሪክ ሠሪው ሳህኑን ጨርሶ በቃኝ አለ። በዚያ ቤት ይህን ማለት ወግ ነው እንጂ ለውጥ አምጥቶ አያውቅም፤ ይባላል፣ ጭልፋው ይመጣል፣ ይበላል። እትዬ ሜትር ጭልፋውን አንሥተው ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቆመ። አዩት። ከዚያ ጭልፋውን መለሱና ድስቱን ከደኑት።

«ከበቃህ ይብቃህ» አሉ፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ።

ደስ ሊለው ይገባ ነበር። ዕድሜ ልኩን ሲመኘው የኖረ ነገር ነው። ግን የተከደነውን ድስት ሲያይ ሆድ ባሰው። በዓለም ላይ በላ አልበላ ብሎ የሚጨነቅለት ሰው ያጣ መሰለው።

«እቴቴ» አለ።

«ምን?»

«እስቲ ትንሽ ጨምሪልኝ።»

እትዬ ሜትር ክዳኑን አልነኩም። «ርቦህ ነው ወይስ ለኔ ብለህ?»

ሊዋሽ አሰበና ተወው። «ላንቺ ብዬ ነው።»

«እሱንማ ሁሌም አውቅ ነበር» አሉ።

ክዳኑን አነሡና ጨመሩለት፤ ትንሽ ነው ያደረጉለት። ለራሳቸውም በሌላ ሳህን ቀድተው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። እሱም ሳይርበው፣ አንዲት ፍሬ ሳያስቀር በላላቸው።